ጅማ ስትሰፋ ቦዬን አትንኩብን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

የከተማችን ምክር ቤት ስለ መጪው ዘመን ቤትና መሬት ሲመክር አንድ አደራ አለኝ፤ የቦዬን ረግረግ ለቤት መሥሪያ አትሸንሽኑ። የኪቶና የአዌቱ ወንዞች በክረምት የሚያወርዱት ጎርፍ የሚያርፈው፣ ከከተማው ታጥቦ የሚሄደው ቆሻሻም በመጠኑ የሚጣራው እዚያ ነው፤ አፈር ደልድለን ቤት ብንሠራበት ውሃው ሳሎናችን ይገባል እንጂ የትም አይሄድም። እዚያ የሚኖሩት ጉማሬዎችስ የት ይግቡ?

ቤት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ኪራይ ወጣቱን ወገቡን እየቆረጠው ነው። ግን መሀል ከተማ ላይ ወደ ላይ መሥራት ይቻላል፣ ነባሩ ነዋሪ ከሰፈሩ ሳይነቀል።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የፕላኑ ረቂቅ ለሕዝብ ውይይት እንዲቀርብ ይላል። እንግዲያው የፕላኑ ካርታ በየቀበሌው ይለጠፍልን፤ ከመጽደቁ በፊት እንየው።

አንባቢያችሁ፣ ከሂርማታ፣ ጅማ