ማሽኑን ከየትም፣ ማስኩን ግን ከቅርብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አሜሪካ ባለው ሐበሻ ዘንድ ስለ ሲፓፕ፣ ስለ እንቅልፍ ትንፋሽ ማሽኑ፣ ሲወራ ወሬው ሁሌ ዋጋ ላይ ያልቃል። «አቅራቢው (ማሽኑን በኢንሹራንስ የሚሰጠው ድርጅት) በኢንሹራንስ ስም ቆዳህን ይገፍፍሃል፣ ያው ማሽን ኦንላይን በግማሽ ዋጋ አለ» ይባላል። ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ይህን ማሽን ስንገጥምና ስንከታተል የምንውል ሰዎች እንደመሆናችን፣ ሲፓፕ ቁም ሣጥን ውስጥ ተወርውሮ የሚቀርበትን ምክንያት እናውቀዋለን። ማስኩ ያፈሳል፣ አየሩ ያፍናል፣ በሦስተኛው ሌሊት ደግሞ የሚደወልለት ሰው የለም። በርካሽ የተገዛ ማሽን ካልተጠቀሙበት ከሁሉም የተወደደ ነው።

ለማያውቀው በአጭሩ፦ የእንቅልፍ አፕኒያ ማለት ተኝተን ሳለን ጉሮሮ እየተዘጋ ትንፋሽ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ የሚቋረጥበት ወይም በእጅጉ የሚቀንስበት ሕመም ነው። በምርመራው ወረቀት ላይ በሰዓት ከ5 እስከ 15 ጊዜ ከሆነ ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። ሲፓፕ ጉሮሮው እንዳይዘጋ በማስክ በኩል አየር የሚገፋ ማሽን ነው። «አንኮራፋ ማለት ጥሩ እንቅልፍ ወሰደው ማለት ነው» የምንለው ነገር ስንቱን እንዳዘናጋ ሌላ ቀን ይጻፍ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በኢንሹራንስ ሲሆን ማሽኑ መጀመሪያ የሚሰጠው በኪራይ ነው። በሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን በሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ኪራዩ 13 ወር ነው፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ የታካሚው ይሆናል። ከግል ኢንሹራንሶችም ብዙዎቹ ከዚህ ብዙ አይርቁም። ችግሩ ዲዳክተብል ላይ ነው፤ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በየዓመቱ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ማለት ነው። ዲዳክተብሉ ገና ካልሞላ ኪራዩን በየወሩ ሙሉ በሙሉ የምትከፍሉት እናንተው ናችሁ። ኦክቶበር ላይ የጀመረ ሰው ደግሞ ጃንዋሪ ሲገባ ዲዳክተብሉ እንደገና ከዜሮ ስለሚነሳ ለአንድ ማሽን የሁለት ዓመት ዲዳክተብል ሊከፍል ይችላል። እንበል ኪራዩ በወር 90 ዶላር ቢሆን በ10 ወር 900 ዶላር ነው፤ በዚህ ገንዘብ አዲስ ማሽን ኦንላይን ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ለአቅራቢው ደውላችሁ እነዚህን ጠይቁ፦ ወርሃዊው ስንት ነው? ለስንት ወር? ሂውሚዲፋየሩ (አየሩን የሚያረጥበው ክፍል) ለብቻው ይከፈልበታል ወይ? (አዎ፣ ብዙ ጊዜ በሌላ የክፍያ ኮድ ለብቻው ነው የሚጠየቀው።) ማስኩና ቱቦውስ? መልሱን ደምሩና ከኦንላይኑ ዋጋ ጋር አስተያዩት። በኤችኤስኤ ወይም በኤፍኤስኤ (ከግብር ነፃ በሆነ የሕክምና ቁጠባ) ሒሳብም ኦንላይን መግዛት ይቻላል፤ ደረሰኙንና የሐኪም ማዘዣውን አትጣሉ።

በኢንሹራንስ የወሰደ ሰው መጠቀሙን በቁጥር ማሳየት አለበት። በሜዲኬር ደንብ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ባለ ተከታታይ 30 ቀን ቢያንስ 70 ከመቶውን፣ ማለትም 21 ሌሊት፣ በእያንዳንዱ 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ መጠቀም ያስፈልጋል። ከ31ኛው እስከ 91ኛው ቀን ባለው ጊዜ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ መታየትም አለበት። ይህ ካልተሟላ ክፍያው ይቆማል፣ ማሽኑም ሊመለስ ይችላል። 4ቱ ሰዓት አንድ ላይ መሆን የለበትም፤ ሶፋ ላይ ማስክ አድርጎ ማሸለብም ይቆጠራል።

ሌሊት ለሚሠሩ ወገኖቻችን አንድ ነገር እናክል፤ ማንም አይነግራቸውምና። ሬስሜድ የተባለው ኩባንያ በሚሠራቸው ማሽኖች አንድ «ቀን» የሚቆጠረው ከቀትር እስከ ቀትር ነው። ታክሲ ሲነዳ ወይም ፓርኪንግ ሲጠብቅ አድሮ በሐበሻ ሰዓት ከጠዋቱ 3 እስከ 9 ሰዓት የሚተኛ ሰው እንቅልፉ ለሁለት ይከፈላል፦ 3 ሰዓቱ በትናንቱ ቀን፣ 3 ሰዓቱ በዛሬው። በየቀኑ ከሠራ ግማሾቹ እየተገናኙ 6 ሰዓት ይሞላሉ። ከዕረፍት ወደ ሌሊት ሥራ በተመለሰበት የመጀመሪያ ቀን ግን ከቀትር በፊት ያለው 3 ሰዓት ብቻውን ይቀርና ያ ቀን እንዳልተጠቀመ ይጻፍበታል። መላው ቀላል ነው፦ ለሥራ ከመውጣቱ በፊት ከሰዓት በኋላ ማስኩን አድርጎ አንድ ሰዓት ተኩል ጋደም ይበል።

የከባድ መኪና ሾፌሮችም እንዲሁ። አፕኒያ ያለበት ሾፌር የጤና ካርዱን ሲያሳድስ መርማሪው ሐኪም የአጠቃቀም ሪፖርት ሊጠይቀው ይችላል። ከአቅራቢ የወሰደ ሰው በስልክ ጠይቆ በፋክስ ያስልካል። ኦንላይን የገዛ ሰው ሻጩ ማሽኑን ሐኪሙ ታካሚውን ከሚከታተልበት የኢንተርኔት አካውንት ጋር እንዲያገናኝለት ከመክፈሉ በፊት መጠየቅ አለበት፤ አለዚያ አጠቃቀሙ የሚመዘገብበትን ኤስዲ ካርድ ይዞ ክሊኒክ ለክሊኒክ መዞር ነው። የኤስዲ ካርድ ቦታ የሌለው ማሽን ከሆነማ አስቡት።

አሁን ኦንላይን ገዝቶ የሚበላሸው የት ላይ እንደሆነ እንናገር። አሜሪካ ውስጥ ማሽኑም ሙሉ ማስኩም ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። ደህና ሻጭ ማዘዣውን ተቀብሎ ማሽኑን በታዘዘው ግፊት አስተካክሎ ይልካል። ከግለሰብ በእጅ የተገዛ ማሽን ግን የቀድሞው ባለቤት ግፊት ላይ እንደቆመ ይመጣል። አዲስ አውቶማቲክ (ግፊቱን ራሱ የሚቀያይር) ከሆነ ደግሞ ከፋብሪካ እንደወጣ ከ4 እስከ 20 ሴንቲሜትር ውሃ (የአየር ግፊት መለኪያ) ላይ ነው። ብዙ ትልልቅ ሰዎች በ4 አየር ያጥራቸዋል፤ «አፈነኝ» ብለው የሚያወልቁት በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ነው። ግፊቱ ወደ 20 ሲጠጋ ደግሞ ማስኩ ከፊት ላይ ይነሳል፣ አየሩ ወደ ዓይን ይነፋል፣ ሆድም በአየር ይነፋል። ማዘዣው ላይ «አውቶ፣ ከ7 እስከ 13» የሚል ዓይነት የተወሰነ ቁጥር መኖር አለበት። «ከ4 እስከ 20» ብቻ ተጽፎ ከተሰጣችሁ ሐኪሙን መልሳችሁ ጠይቁት።

ማስኩ ግን የነገሩ ሁሉ እምብርት ነው፤ እዚህ ላይ የቅርብ ሰው የሚተካው የለም። ኦንላይን የምታትሙት የአፍንጫ መለኪያ ወረቀት 100 ከመቶ ሆኖ ካልታተመ ልኩ ይሳሳታል፤ ትክክል ቢታተምም የሚለካው ቁጭ ብሎ ነው። ፊት ሲተኙ ቅርጹ ይለወጣል፣ ጉንጭ ወደ ጆሮ ይፈሳል፣ ቁጭ ብሎ ልክ የነበረው ማስክ ያፈሳል። ስለዚህ ማስክ የሚለካው በጀርባና በጎን ተኝቶ፣ ማሽኑ ተከፍቶ፣ ከፍ ባለው ግፊት ነው። አቅራቢ ዘንድ ስትሄዱ አልጋ ወይም የሚዘረጋ ወንበር ካላስተኟችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። መግዛትም ካለባችሁ ማስኩን በ30 ቀን ውስጥ የሚቀይር ሻጭ ፈልጉ፤ ማሽኑ ግን ካርቶኑ አንዴ ከተከፈተ ብዙ የኦንላይን ሻጮች አይመልሱትም።

ሲያፈስ ሁሉም ሰው ማሰሪያውን ያጠብቃል። ማፍሰሱን የሚያባብሰውም ይኸው ነው። የማስኩ ሲሊኮን ድርብ ነው፤ ውጭኛው ስስ ሽፋን በአየር ተነፍቶ ነው ፊት ላይ የሚያርፈው። ሲጠብቅ ይጨፈለቃል፣ መንፋት ያቅተዋል፣ ጠዋት የአፍንጫ ድልድይ ቀልቶ ይታያል። ማሰሪያውን ፈታ አድርጉ፣ ማሽኑን ክፈቱ፣ ማስኩን ወደ ፊት ሳብ አድርጋችሁ ነፍቶ እንዲቀመጥ ልቀቁት፣ ከዚያ ከታች ጀምራችሁ እኩል አጥብቁ፤ በማሰሪያውና በጉንጭ መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት። በሬስሜድ ሪፖርት ላይ የሚያፈሰው አየር 95ኛው ፐርሰንታይል (ከጊዜው 95 ከመቶ ያልታለፈው መጠን) ከ24 ሊትር በደቂቃ በታች ከሆነ ደህና ነው። በአፍንጫ ማስክ ተኝቶ አፍ ደርቆ የሚነሳ ሰው አየሩ በአፉ እየወጣ ነው፤ አፍንጫው መዘጋቱን አስቀድሞ ያስመርምር፣ ካልሆነ አፍንጫና አፍን የሚሸፍነው ይሞከራል።

የእኛ ሴቶች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው፤ የማስክ መመሪያ የጻፈው ሰው አላሰበበትም። ቅቤ ወይም የፀጉር ዘይት የተቀባ ፀጉር ማሰሪያውን ያንሸራትተዋል፣ ላስቲኩንም ቶሎ ያላላዋል። ሹሩባ ላይ ደግሞ ቱቦው ከአናት በላይ የሚገናኝበት ዓይነት ማስክ እየተንከባለለ ይወርዳል፤ ቱቦው ከፊት የሚገባበት ይሻላል። ቅቤ በተቀባችሁበት ሌሊት ስስ የጥጥ ሻሽ ከስር እሰሩ። አፍንጫ ሲደርቅ ቫዝሊን አትቀቡ፤ ሲሊኮኑን ይበላዋል። በውሃ የተሠራ የአፍንጫ ጄል ፋርማሲ አለ።

ለሚያልቀው ዕቃ ግን ኦንላይን ያሸንፋል፤ እዚህ ላይ ከአቅራቢዎች ጋር መከራከርም አያስፈልግም። ፊልተር፣ ቱቦ፣ የማስኩ ኩሽን (ፊት የሚነካው ሲሊኮን) ማዘዣ አይጠይቁም። አንድ ጊዜ ልካችሁንና ሞዴሉን ካወቃችሁ በጥቅል ግዙ። ተራው ባለ 22 ሚሊሜትር ቱቦ ለአብዛኛው ማሽን ይሆናል፤ ባለ ማሞቂያው ቱቦ፣ የውሃ ገንዳውና ፊልተሩ ግን በሞዴል ይለያያሉ፤ ኤርሴንስ 10 የተባለው የሬስሜድ ማሽን ዕቃ ለአዲሱ ኤርሴንስ 11 አይገባም። ባለ 15 ሚሊሜትሩን ቀጭን ቱቦ ከገዛችሁ ማሽኑ ላይ የቱቦውን ዓይነት መቀየር አትርሱ፤ አለዚያ ግፊቱን በትክክል አይለካም።

አዲስ አበባ ላሉ ወላጆች መላክስ? ኤሌክትሪኩ አያስጨንቅም፤ አዳዲሶቹ ማሽኖች ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ትራንስፎርመር አይፈልጉም፣ የሶኬት መቀየሪያና ለመብራት መዋዠቅ አንድ ስታቢላይዘር ይበቃል። ከፍታውም እንዲሁ፦ አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኤርሴንስ 10 እስከ 2,591 ሜትር ራሱን ያስተካክላል። ደብረ ብርሃን ለሚኖር አባት ግን ከተማው ከዚያ በላይ ስለሆነ ኤርሴንስ 11 ይሻላል፤ እስከ 3,010 ሜትር ይሠራል። መብራት ሲጠፋ እንዲሠራ ባትሪ ከላካችሁ፣ ሂውሚዲፋየሩና የቱቦው ማሞቂያ ሲጠፉ 100 ዋት-ሰዓት ገደማ ያለው ባትሪ አንድ ሌሊት ሊያደርስ ይችላል፤ እነሱ ከበሩ እስከ እኩለ ሌሊትም አይደርስ። በአውሮፕላን ከ100 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ ባትሪ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፣ የሚያዘውም በእጅ ሻንጣ ነው። ገንዳውን ባዶ አድርጋችሁ ያዙ።

እዚያ ሲደርስ ለውሃው ተጠንቀቁ። ነዳጅ ማደያ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ «የተጣራ ነው» ብለው የሚያደርጉ አሉ፤ ለሳንባ የተዘጋጀ አይደለም፣ አይደረግም። የተጣራ ውሃ ከታጣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በየቀኑ ይቀየር፤ ነጭ ዝቃጭ ሲይዝ በአንድ እጅ ኮምጣጤና በ10 እጅ ውሃ ይታጠብ። በክረምት ቱቦው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ፊት ላይ የሚንጠባጠበው ክፍሉ ስለሚቀዘቅዝ ነው፤ ማሽኑ ከአልጋው ዝቅ ይበል፣ ቱቦው ጋቢ ውስጥ ይግባ፣ እርጥበቱም ይቀነስ። ቡና ተፈልቶ ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ ማሽኑ ካለ ፊልተሩ ቶሎ ይጠቁራል፣ ሽታውንም አያስቀረውም። ኤርሚኒ የተባለችውን ትንሿን ማሽን ስማርት ስልክ ለማይነኩ ሰዎች አትላኩ፤ ስክሪን የላትም፣ የምትታዘዘው በስልክ ነው፣ ማስክም ለእሷ የተመረጡትን የሬስሜድ ማስኮች ብቻ ነው የምትቀበለው። የሬስሜድ ዋስትና ከተገዛበት አካባቢ ውጭ ለተሸጠ ዕቃ አይሠራም፤ አዲስ አበባ ላይ ለሻጭ የተላለፈ ማሽን ሲበላሽ የሚጠየቅ የለም።

ከሁሉም የምንሰጋው በእጅ የሚሸጡ አሮጌ ፊሊፕስ ማሽኖችን ነው። ኩባንያው በጁን 2021 ከኤፕሪል 26 ቀን 2021 በፊት የተመረቱ ብዙ ሞዴሎቹን፣ የመጀመሪያውን ድሪምስቴሽን ጨምሮ፣ እንዲመለሱ ጠርቷል፤ ውስጣቸው ያለው ድምፅ ማፈኛ ስፖንጅ እየተፈረፈረ በአየሩ ቱቦ ስለሚገባ። በኦዞን ማጽጃ የታጠበ ከሆነ ስፖንጁ ቶሎ ይበሰብሳል። ለእናታችሁ ከመላካችሁ በፊት ማሽኑን ገልብጣችሁ ሥሩ ያለውን መለያ ቁጥር በኩባንያው ድረ ገጽ አጣሩ። ሬስሜድ ከሆነ ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሠራ እዩ፤ በየሌሊቱ 7 ሰዓት ለ5 ዓመት የሠራ ማሽን 12,775 ሰዓት አካባቢ ያሳያል። «የሞተር ዕድሜ አልፏል» የሚል ጽሑፍ ካወጣ በነፃም ቢሰጣችሁ አትቀበሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
በእንቅልፍ ሕክምና መሣሪያዎች ሥራ ላይ የምንገኝ ባለሙያዎች፣ ሜሪላንድ