ከከተማ ጉብኝት ስለቀሩ ልጆች ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ደሴ

ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች

ጉዳዩ፦ የታሪክ ጉብኝትን ይመለከታል

የተከበራችሁ ወላጆች፣

የልጆቻችሁ የፈተና ውጤት በቅርቡ ይደርሳችኋል። ብዕር ያስነሳኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ የታሪክ መምህራችን ተማሪዎቹን አይጠየፍ አዳራሽና የደሴ ሙዚየም ሊወስዱ ሲነሡ ከክፍሉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው አልመጣም። አብዛኞቹ የቀሩት ታመው አይደለም፤ እናንተ «ይቅርብህ» ብላችኋቸው ነው።

«ልጄ ደሴ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ምን አዲስ ነገር ያያል?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በፒያሳ የተመላለሰ ሁሉ ከተማውን ያውቃል ማለት አይደለም። አይጠየፍን ማን አሠራው ብዬ በክፍል ስጠይቅ የመለሰልኝ የለም። በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ የጫኑት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። አዳራሹም ድሃ ከሀብታም፣ እስላም ከክርስቲያን ሳይለይ ስለሚያበላ አይጠየፍ ተባለ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ሆነው በመትረየስ እንደ ተኮሱባቸው የሰማ ልጅም አላገኘሁም። ዕለቱ የሚውለው በዚሁ በያዝነው ወር ነው!

ፈተና ይሻማል አትበሉኝ፤ ጉብኝቱ የአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ክፍያም የለውም፣ በእግር ነው የምንሄደው። «የድሮ ነገር ቂም ይቀሰቅሳል» ለምትሉም መልስ አለኝ። መምህሩ ንጉሥ ሚካኤል ከሸዋ ጦር ጋር ተዋግተው ስለ ተሸነፉበት ስለ ሰገሌ ጦርነት ሲያስተምሩ የሆነውን ይናገራሉ እንጂ ለማንም አይፈርዱም። ከእኛ ያልሰማ ልጅ ተጣምሞ ከስልኩ ይሰማዋል፤ ያኔ ማን ያቃናዋል?

«ሙዚየሙ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፏል፤ ምን ቀረና?» የሚለው ከሁሉ ይከብደኛል። የሄደውን ዕቃ መመለስ አልችልም። ነገር ግን ልጆቻችን ምን እንደ ነበረን ካላወቁ ምን እንደ ጠፋብን እንኳ አያውቁም፤ ቢመለስም የእኛ መሆኑን አይለዩትም። ስለዚህ ባዶውን መደርደሪያ ቢሆን አሳያቸዋለሁ።

ያልመጡት ተማሪዎች ቅዳሜ ኅዳር 14 ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በትምህርት ቤቱ በር ይገኙ። የጦሳ ተራራ ነፋስ ብርቱ ነውና ሹራብ ደርቡላቸው። ሁለት መምህራን ከፊት፣ ሁለት ከኋላ ሆነው ይመሯቸዋል፤ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ልጁን ማስቀረት የሚፈልግ ወላጅ ራሱ መጥቶ ያነጋግረኝ፤ በልጅ እጅ የሚላክ ወረቀት አልቀበልም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር