ለአባባ፣ ስለ ተሸነፈችው እጩዎ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ዘንድሮ በርትቷል፤ የቀሃ ወንዝ ሞልቶ ነው የሚወርደው። መንገዱም ኔትወርኩም እንደሚያውቁት ነው፤ አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር። ገና «ምርጫው» ስል «እሱን ተይውና ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ይሉኛል። ደብዳቤ ግን እንደ ስልክ አይዘጋም። ወንድሜ በትልልቅ ፊደል አትሞ እንዲሰጥዎ ነግሬዋለሁ። መነጽርዎን ያድርጉና ቁጭ ብለው ያንብቡልኝ።

እዚያ አሜሪካ የለፉላት፣ በዴሞክራቶቹ የእጩ ምርጫ የተሸነፈችው ተወዳዳሪ የላከችልዎትን የምስጋና ደብዳቤ ወንድሜ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ፤ በአማርኛ የተጻፈውን። እሁድ ከሰንበቴ መልስ ጓደኞችዎ እኛ ቤት ቡና ሊጠጡ ገብተው ነበርና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

አባባ፣ ማንበቡስ ቀላል ነበር። ያስቸገረኝ በምን እንደተሸነፈች ማስረዳቱ ነው። ልብስ ሰፊው ጓደኛዎ «ቆይ እስቲ፣ ሁለቱም ዴሞክራት ከሆኑ ማን ማንን አሸነፈ?» አሉኝ። እዚያ ፓርቲው እጩውን ቢሮ ቁጭ ብሎ አይመድብም፤ አባላቱ ራሳቸው ተሰልፈው ድምፅ ይሰጣሉ፤ ይሄን ነው ፕራይመሪ የሚሉት፤ ያለፈው ሰው ኖቬምበር ላይ ከሌላው ፓርቲ ጋር ይገጥማል አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያውስ የቤት ውስጥ ጠብ ነው፤ እሱማ ይብሳል» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ግን እውነታቸውን ነው። የእርስዎም የሰሞኑ ኩርፊያ ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። ከባዕድ ቢሆን ይሄን ያህል አይከፉም ነበር።

ጎረቤታችን ደግሞ «ታዲያ እኛን ምን አገባን?» ብትል የድሮው የትምህርት ቤት ባልደረባዎ ተቆጡ። እነ አባባ የሚኖሩበት የአሜሪካው አውራጃ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ እና ጎንደር እኮ በፈረንጆቹ 2012 እህትማማች ሆነዋል፤ እህታችን ቤት ምርጫ ሲካሄድ ዝም ብለን ልናይ ነው ወይ አሉ። ከዚያ በኋላ ሁሉም የካውንቲው ነዋሪ ሆኖ ነው የተከራከረው። እዚያ ቢሆኑ ደስ ይልዎት ነበር።

ያች ሴት ደብዳቤ መጻፍ ታውቃለች። «ሁላችሁንም አመሰግናለሁ» ብላ ብቻ አላለፈችም። ማታ ማታ ስልክ ሲደውሉ ያመሹትን፣ በዝናብ ወረቀት ያደሉትን፣ ለወጣቶቹ እንጀራ ያቀረቡትን ለየብቻ አንሥታለች። ከዚያ «እንግሊዝኛ ለማይሰሙ አረጋውያን በየበራቸው ቆመው በአማርኛ ያስረዱ አባቶች» ትላለች። ስም ባትጠራም ሁላችንም አውቀንዎታል። ልብስ ሰፊው ያችን መስመር ደግመው አስነበቡኝ። በዚያ በሚያምዎ ጉልበት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ስንት ደረጃ እንደወጡ ወንድሜ ነግሮናል።

ማንንም አልወቀሰችም፤ ቆጣሪውንም፣ ጋዜጠኛውንም፣ ያልወጣውንም ሰው። መጨረሻ ላይ ያሸነፋትን ሰው እንኳን ደስ አለህ ብላ፣ ኖቬምበር ላይ ድምፃችሁን ለእሱ ስጡልኝ ብላለች። እርስዎ ወረቀቱን አጥፈው ያስቀመጡት እዚህ ጋ ሲደርሱ ነው አሉ።

እኔ ግን ቀናሁብዎ። በእኛው አቆጣጠር በ2013ቱ ምርጫ የአንድ ፓርቲ ወኪል ሆኜ ምርጫ ጣቢያ መዋሌን ያስታውሳሉ? ሰኔ 14 ነበር። ሰልፉ አላልቅ ብሎ ድምፅ መስጫው እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራዘመ። ቆጠራው አለቀና ውጤቱ በሩ ላይ ተለጠፈ። ስንት ቀን ስንለፋለት የከረምነው ሰው መሸነፉን ግድግዳ ላይ አንብቤ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ከፓርቲው የተደወለልኝ «ባጁን መልሺ» ለማለት ነው። በቃ። «ደክመሻል» ያለኝ የለም። ለእርስዎ ግን የተሸነፈችው ራሷ፣ ገና ሐዘኗ ሳይወጣላት፣ ቁጭ ብላ ጻፈችልዎ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። እዚያ ካለው ጓደኛዎ ጋር መኳረፍዎን ሰምቻለሁ። «እመርጣታለሁ ብሎ ቃል ሰጥቶኝ ሄዶ የትምህርት ቦርድ ብቻ መርጦ ተመለሰ፤ ዋሸኝ» ብለዋል አሉ። አባባ፣ ሰውዬው አልዋሸዎትም። ሜሪላንድ ውስጥ በዴሞክራቶቹ ፕራይመሪ የሚመርጠው በዴሞክራትነት የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ጓደኛዎ ዜግነት ሲያገኝ «ፓርቲ የሚባል ነገር አልፈልግም» ብሎ ያለ ፓርቲ ነው የተመዘገበው። ከአገር ቤት ይዞት የሄደው ፍርሃት ነው፤ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ይረዱታል። እንዲህ ለተመዘገበ ሰው በፕራይመሪው ቀን የሚሰጠው የትምህርት ቦርዱ ወረቀት ነው። ፓርቲ ልቀይር ቢል ደግሞ ምርጫው ሳይቃረብ አስቀድሞ ነው። እሱ ተሰልፎ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ የእርስዎን ሰው ስም ፈልጎ አጥቶ ነው የተመለሰው። ያፈረው እሱ ነው፤ ተኮራፊው እርስዎ ሆኑ።

«አንድ ድምፅ ምን ያደርጋል አትበይኝ» እንደሚሉ አውቃለሁ። አልልም። እናንተ ካውንቲ ውስጥ እንደዚያ የሚል ሰው ካለ ታሪኩን አያውቅም ማለት ነው። በፈረንጆቹ 2018 ለካውንቲው ሥራ አስፈጻሚነት በተደረገው የዴሞክራቶች ፕራይመሪ ዴቪድ ብሌር በማርክ ኤልሪች የተሸነፈው በ77 ድምፅ ነው። በ2022 እነዚያው ሁለት ሰዎች እንደገና ገጠሙ፤ ድምፁ በድጋሚ ተቆጥሮ ብሌር በ32 ድምፅ ተሸነፈ። ሦስት ሚኒባስ የማይሞላ ሰው! ይሄን ለጓደኞችዎ ስነግራቸው ልብስ ሰፊው «እኔ ብሆን አብድ ነበር» አሉ። ስለዚህ ቁጭትዎ ይገባኛል። የማይገባኝ ቁጭትዎን የሚከፍለው ያ ምስኪን ሰውዬ መሆኑ ነው።

ኖቬምበር ላይ አልወጣም ማለትዎስ? ሂላሪ ክሊንተንን ያስታውሱ። በፈረንጆቹ 2008 ለዴሞክራቶቹ የፕሬዚዳንት እጩነት ያን ሁሉ ወር ከኦባማ ጋር ስትተናነቅ ከረመች። ጁን 7 ቀን ዋሽንግተን ላይ ደጋፊዎቿን ሰብስባ አመሰገነችና ኦባማን ምረጡ አለች። በኋላም የእሱ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች። ያኔ እዚሁ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠው «ሴት ማለት እንዲህ ናት» ያሉት እርስዎ ነበሩ። እኔ ምስክር ነኝ። ዛሬ የራስዎ ተወዳዳሪ ያንኑ ስትል ለምን ይከፋዎታል?

«በእኛ ካውንቲ ፕራይመሪው ካለቀ ሁሉም አልቋል፤ ዴሞክራቱ እንደሆነ አይቀርለትም» ይላሉ አሉ። ወንበሩን በተመለከተ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ግን የኖቬምበሩ ወረቀት ላይ ሌላም ነገር አለ። የካውንቲውን ቻርተር፣ ማለትም መተዳደሪያ ሕጉን፣ የሚመለከት ጥያቄ ሊቀርብ ይችላል። በፈረንጆቹ 2024 ሥራ አስፈጻሚው ከሁለት ተከታታይ የሥራ ዘመን በላይ እንዳይቀመጥ የተወሰነው በዚያው በኖቬምበሩ ድምፅ ነው። የትምህርት ቦርዱም አለ፤ የልጅ ልጆችዎ የሚማሩት እዚያ አይደለም እንዴ?

ደግሞ ያ ሲያወሩለት የከረሙት የአውቶቡስ ማቆሚያ ወንበር ጉዳይ አለ። ሽማግሌዎቹ ቆመው እንዳይጠብቁ ብለው ነበር በየቤቱ የዞሩት። ሰዎቹ እኮ አሁንም ቆመው ነው የሚጠብቁት። የማን ቤት የት እንደሆነ፣ ማንን ምን እንደሚያመው እርስዎ ያውቃሉ። ያሸነፈውን ሰው ቀጠሮ ይያዙና ይጠይቁት። ወንድሜ ያስተረጉምልዎታል። ድምፅዎን ለእሱ ባለመስጠትዎ ሳይቀየም ለእሷ በመልፋትዎ ያከብርዎታል፤ እዚያ በር ማንኳኳት የሚችል ሰው ዋጋው ከፍ ያለ ነው ይባላል።

ለተወዳዳሪዋም መልስ ይጻፉላት። በአማርኛ ይሁን፤ ራሷ የሚያነብላት ታገኛለች። ረጅም አያድርጉት። ድሮ ለተማሪዎችዎ ደብተር ላይ እንደሚጽፉት «ጎበዝ፣ በርቺ» ቢሏት እንኳ ይበቃታል።

የላኩልን ብር ደርሷል። ጣሪያው የኋለኛው ክፍል ላይ ማፍሰስ ጀምሯል፤ ዝናቡ ሲያባራ ቆርቆሮውን እናስለውጣለን። እናቴ ደህና ናት፤ «የግፊቱን መድኃኒት እንዳይዘነጋ በይው» ብላለች። ጓደኞችዎ ሁሉም ሰላም ብለውዎታል። ልብስ ሰፊው ግን ሌላም መልእክት አላቸው፦ ከጓደኛዎ ጋር ታርቀው ሁለታችሁም ባላችሁበት እንዲደውሉላቸው ይፈልጋሉ። እሁድ ከሰንበቴ መልስ እኛ ቤት ናቸው። ኔትወርክ ካለ እናነሣለን።

ልጅዎ፣ ከጎንደር