ጭቃውን እንዳትተዪው

ልጄ፣ የኔ ዓለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽን ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል እንጂ ወጣ ገባ ይላል። ባሕር ዳር ዝናቡ ጀምሯል።

የላክሽልኝን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። ታክተሻል። ጓደኞችሽ ጀልባ ላይ ትልልቅ ዓሣ ይዘው ፎቶ ሲነሱ አንቺ ጭቃ በወንፊት ስታጥቢ፣ ከዚያ ደግሞ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍተሽ ትል ስትቆጥሪ ትውያለሽ። በዚያ ላይ ዘመዶቻችን "አሜሪካ ድረስ ሄዳ የምትማረው ትል ነው እንዴ?" ማለታቸውን ሰምተሽ ከፍቶሻል። እና ወደ ዓሣው ጥናት ልዙር ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ የምልሽ አትዙሪ ነው። ምክንያቴን ልንገርሽ፤ ረዘም ስለሚል ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

አንቺን ያሳደግኩሽ ዓሣ እየሠራሁ ነው። ፊሌቶ ማውጣት የቻልሽው ገና ትምህርት ቤት ሳለሽ ነው። የቆሮሶን ሆድ ስንከፍት አስታውሺ። አንጀቱ ቀጭን፣ ረጅም፣ የተጠቀለለ ነው፤ ጫን ስትይው አረንጓዴ ይወጣል፣ የበላው የውሃ አረንጓዴ ነዋ። አምባዛው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚውጠው፣ ትንሽ ዓሣም ትልም አይቀረው። ነጭ ዓሣው ግን ለብቻው ነው። ከአንዱ ሆድ የቀንድ አውጣ ስብርባሪ ይወጣል፣ ከሌላው ትል፣ ከሌላው ደግሞ ገና ያልተፈጨ ሙሉ ትንሽ ዓሣ። አፉ ውስጥ ጥርስ ብትፈልጊ የለም። ጣትሽን ከስንጥቡ ኋላ ስታስገቢ ነው ጉሮሮው ላይ የተተከለው ጥርስ የሚወጋሽ። አንቺ ሁልጊዜ "ይሄኛው ምን በላ?" እያልሽ ሥራ ታስፈቺኝ ነበር። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ!

ያ ጥያቄሽ ትልቅ ጥያቄ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ከሆላንዱ ዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ተመራማሪዎች የጣናን ነጭ ዓሣ አንድ ሳይሆን 15 ዓይነት ነው ብለው ለዩት። ከነሱ ውስጥ 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። መንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው ዘር ዓሣ አዳኝ ሲሆን በዓለም ብዙም አልታየም። ጢስ ዓባይ ከታች ያለውን ዓሣ ወደ ላይ ስለማያሳልፍ፣ ጣና ውስጥ ያለው እርስ በርሱ ምግቡን ተከፋፍሎ እዚሁ ተለያየ። ይሄን ሁሉ ለማወቅ መጀመሪያ ማን ማንን እንደሚበላ መጠየቅ ነበረባቸው፣ ልክ እንዳንቺ።

አሁን ወደ አንቺው ነገር ልምጣ። ባለፈው ስለ ናይትሮጂን ስትነግሪኝ ጉድ ነው ያልኩት። ሆዱ የሚነግርሽ የዛሬ ምሳውን ነው፣ ሥጋው ግን የወራቱን ይናገራል አልሽኝ። ትንሽ ሥጋ አድርቃችሁ፣ ፈጭታችሁ፣ ከባዱን ናይትሮጂን፣ ከተራው ናይትሮጂን ክብደቱ የሚበልጠውን፣ ትለካላችሁ። አንዱ ሌላውን በበላ ቁጥር መጠኑ በአማካይ 3.4 ከሺህ ያህል ከፍ ይላል፤ በዚያ ዓሣው ከታች ስንተኛ ደረጃ ላይ እንደቆመ ታውቃላችሁ። እሺ፣ እንግዲህ እኔ ያልተማርኩት ልጠይቅሽ። መቁጠር የሚጀመረው ከምንድን ነው? ከታች ካለው ነዋ! ከቀንድ አውጣው፣ ከዛጎላሙ፣ ከጭቃው ትል። የነሱ ቁጥር ካልታወቀ የዓሣው ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። እነዚያ ዓሣ ይዘው ፎቶ የሚነሱት ልጆች ውጤታቸውን ለማንበብ ሲቀመጡ አንቺ ትልና ቀንድ አውጣ የምታስቀምጪበትን ጠርሙስ ይፈልጋሉ። ይሄን ራስሽ ነሽ ያስተማርሽኝ፣ ሲደክምሽ ግን ረሳሽው።

ደግሞ እዚያው ያለሽበት የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ የሆነውን አስቢው። ሳክራሜንቶና ሳን ዋኪን የሚባሉት ወንዞች ወርደው ከጨው ውሃ ጋር የሚገናኙበት ቦታ ነው፤ የባሕሩ ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ ብሎ ይገባል፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ብሎ ይወጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ከምሥራቅ እስያ አንድ ዛጎላም መጣ። መርከቦች ሚዛን ለመጠበቅ በሆዳቸው ይዘውት የሚዞሩት ውሃ ነው ያመጣው ይባላል። አውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ነገር ነው። በዓመት ሁለት ዓመት ውስጥ አንዳንድ ቦታ በአንድ ካሬ ሜትር ከ10,000 በላይ ሆነ። ውሃውን እየሳበ በዓይን የማይታየውን የውሃ አረንጓዴ፣ ፋይቶፕላንክተን የሚሉትን፣ ያጣራል። ድሮ በበጋ ውሃው ላይ ይበዛ የነበረው አረንጓዴ ጠፋ። እሱን ይበሉ የነበሩ ጥቃቅን ሽሪምፖች አነሱ፣ ሽሪምፑን ይበላ የነበረው ዓሣም ምግቡ ሳሳ። ዴልታ ስሜልት የምትይኝ ያቺ ጣት የምታህል ዓሣ ዛሬ ልትጠፋ ደርሳለች። ውሃው ለእርሻና ለከተማ መወሰዱም እጁ አለበት፣ ሁሉንም ዛጎላሙ ላይ አልጭንም። ግን ዓሣ ብቻ ሲቆጥር የኖረ ሰው ዓሣው ማነሱን እንጂ ለምን እንዳነሰ ከየት ያውቃል? መልሱ ጭቃው ውስጥ ነበር።

ያው ዛጎላም ደግሞ ሴሌኒየም የሚባል፣ ሲበዛ መርዝ የሚሆን ንጥረ ነገር በሰውነቱ ያጠራቅማል አልሽኝ። ስተርጅን የሚባለው ትልቁ ዓሣ ሲበላው መርዙ ወደሱ ይሻገራል። ይሄ የሰው ማዕድ ድረስ የሚደርስ ነገር ነው። ዘመዶቻችን ይሄን ቢሰሙ "ትል" እያሉ ባልሳቁ ነበር፤ ንገሪያቸው ካልሽኝ እኔ እነግራቸዋለሁ።

የኛን ቤት ነገርም ልንገርሽ። ከነጭ ዓሣው ዓይነቶች ገሚሶቹ በክረምት ከጣና ወጥተው እንቁላላቸውን ሊጥሉ ወደ ወንዝ ይገባሉ፤ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ። የፍልሰታ ጾም የሚውለው እዚያው ወቅት ውስጥ ነው፣ ዓሣ ፈላጊው ደግሞ በጾም አይጠፋም። መረቡ የሚዘረጋው ልክ ወንዙ አፍ ላይ ነው። እንቁላል የሞላ ሆድ እኔ ራሴ ስንቱን ከፍቻለሁ፤ ቢጫው እፍኝ ሙሉ ሆኖ ሲፈስ እጄ ላይ ይከብደኛል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የነጭ ዓሣው ክብደት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰ ያሉት ተመራማሪዎች ከዚሁ ጋር ነው ያያያዙት።

ከመረቡ የባሰው ብርብራ የሚባለው ዛፍ ነው። ፍሬውን ወቅጠው ወንዙ ውስጥ ሲነሰንሱት ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል። ትልቁም ትንሹም አብሮ። ሰው የሚያየው የተንሳፈፈውን ዓሣ ነው። ብርብራ ተባይ መግደያ እንደሆነ ግን ገበሬው ሁሉ ያውቃል፣ ታዲያ ድንጋይ ሥር ያለው ትል እንዴት ይተርፋል? ከዚያ ዓመት የሚፈለፈለው ጫጩት ዓሣ ምን ሊበላ ነው? እስቲ ማን ቆጠረው? ስለ እምቦጭ ሁሉም ያወራል፣ ከላይ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚታይ። ከሥሩ ያለው ጭቃ ምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ግን አላገኘሁም። ጣና በቀጥታ ከባሕር ጋር አይገናኝም፣ ጨውም፣ ሲገባና ሲወጣ የሚውል የባሕር ውሃም የለውም፣ ያንቺ ቦታ ሌላ መሆኑን አውቃለሁ። ጭቃ የማንበቡ ሙያ ግን እዚህም ይሠራል።

ስለዚህ ልጄ፣ ከደከመሽ እረፊ። ጥቂት ቀን ማይክሮስኮፑን አትንኪው፣ ውጪ፣ ፀሐይ ሙቂ። አማካሪሽን ደግሞ አንድ ቀን ጀልባው ላይ ይዘውኝ ውጡ በያቸው፣ ዓሣ መያዝ መማሩ አይጎዳሽም። ክፍሉን መቀየር ግን ይቅርብሽ።

ሽሮና በርበሬ ወደ አንቺ ለምትመጣው ልጅ ሰጥቻለሁ፣ ድርቆሽም ጨምሬበታለሁ። አጎትሽ ለሚቀጥለው ክረምት ጀልባውን አዘጋጅልሻለሁ ብሏል፤ ግልገል ዓባይ ጣና የሚገባበት ድረስ፣ ደንገሉ ዳር ይወስደናል። ያ ወንፊታችሁ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው ያልሽኝ መሰለኝ። እዚህ ገበያ ያለው የዱቄት ወንፊት ይሆናል ወይስ አንቺ ይዘሽ ትመጫለሽ? ቶሎ መልሺልኝ፣ ቅዳሜ ገበያ እወጣለሁ።

እናትሽ