እርማቱ እርሳሱ ከእጃቸው ሳይወርድ ይድረስ

በድሬዳዋ አስተዳደር የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናን ለሚመራው ቢሮ

ጉዳዩ፦ ሰልጣኞች በድሮዊንግ ሥራቸው ላይ የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) አስተያየት እንዲያገኙ ፈቃድና መመሪያ ስለመጠየቅ

ክቡራን የቢሮው ኃላፊዎች፣

የቴክኒካል ድሮዊንግ አሰልጣኝ ነኝ። አንዱ ክፍሌ 38 ልጆች አሉት። የቤት ሥራ ስሰጥ 38 ኤ3 ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ይከመራል። ለአንዱ 10 ደቂቃ ብሰጥ ከ6 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሌሎች ክፍሎችም አሉብኝ። እርማቱ ልጁ ጋ ሲደርስ እሱ ሌላ ሥራ ጀምሯል። ማርኩን ያያል፣ ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ይከታል፣ አለቀ።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ከደረሰ ጀምሮ ይቺ ከተማ የወርክሾፕ ከተማ ናት። ያኔ ለማጁ ሲሳሳት ባለሙያው አጠገቡ ነበር። የኔ ልጆች ግን እኔን ወረፋ ይጠብቃሉ።

መዘግየቱ ምን እንደሚያስከትል አንድ ነገር ልንገራችሁ። አምና አንድ ጎበዝ ልጅ ለመደርደሪያ የሚሆን የኤል ቅርጽ ማያያዣ ሳለ። የላይ እይታውን ከፊት እይታው በላይ አስቀመጠው። እኛ የምንሠራው ፈርስት አንግል በሚባለው የእይታ አቀማመጥ ደንብ ነው፤ የላይ እይታ ከታች ነው የሚመጣው። እኔ ሳላየው ጓደኛው ወረቀቱን ይዞ ብረት ቆረጠ። ከፊት ጠርዝ 15 ሚሊሜትር ላይ መበሳት የነበረበት ቀዳዳ ከኋላ ጠርዝ ተለክቶ ተበሳ። ብረቱም ድካሙም ባከነ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሲቆም አንጀቴን በላው፤ ጥፋቱ የኔም ነበር።

ዘንድሮ በስልክ ሞከርን። ልጆቹ ሥራቸውን ፎቶ አንስተው ኤአይን «እንዴት ነው?» አሉት። ምስጋና አዘነበላቸው፤ ምንም አልጠቀመንም። ቀጥሎ እኔ ራሴ የማርምበትን ነገር ሰጠነው። እይታዎቹ ቦታቸው ላይ ናቸው? የፕሮጀክሽን ምልክቱ፣ ማለትም እይታዎቹ በየትኛው ደንብ እንደተቀመጡ የሚያሳየው ምልክት፣ አለ? የተደበቀው ጠርዝ በቁርጥራጭ መስመር ተሰምሯል? የቀዳዳው መሃል ከሁለት ጠርዝ ተለክቷል? «አትሳልላቸው፣ መልሱን አትንገራቸው፣ ጠይቃቸው ብቻ» አልነው። ያኔ ነገሩ ተለወጠ። አንዷን ልጅ «ይህ ቀዳዳ ከግራ ጠርዝ ስንት ይርቃል?» ብሎ ጠየቃት። ወረቀቱን ትክ ብላ አየችው። ልኬቱን አልጻፈችም ነበር። ማንም ሳይነግራት ማስመሪያዋን አነሳች።

ይሳሳታል፣ ያውም ብዙ ጊዜ። 16ን 18 ብሎ ያነባል። በፈዛዛ እርሳስ የተሰመረ መስመር ላይ «የለም» ብሎ ድርቅ ይላል። ስልኩ ትንሽ ዘንበል ካለ ፎቶው ስለሚዛባ ስኬል (የሥዕሉ መጠን ከዕቃው ጋር ያለው ምጣኔ) በሱ አይፈተሽም። ስለዚህ ደንብ አወጣን፦ አስተያየቱን ብትቀበልም ብትተወውም ምክንያትህን ከወረቀቱ ጀርባ ጻፍ። ትተውት ምክንያታቸውን በትክክል የጻፉ ልጆች በጣም አስደስተውኛል። ማርክ የምሰጠው ግን እኔው ነኝ።

አሁን ይህን የምናደርገው በልብ ሙሉነት አይደለም። ስልክ ክፍል ውስጥ ክልክል ነው፣ እኔም በራሴ ኃላፊነት ነው የፈቀድኩት። በጽሑፍ ፍቀዱልን። ስልክ የሌለው ልጅ ከጓደኛው ለምኖ ነው የሚሠራው፤ ለየክፍሉ አንድ ታብሌትና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ቢኖር ይህ ይቀራል። አሰልጣኞችን ሰብስባችሁ የማረሚያ ጥያቄዎቹን በጋራ እናዘጋጅ፤ ልጆቻችን ቤታቸው በሚናገሩት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይሁኑ። መመሪያው ውስጥ የልጁ ስምና ቁጥር የተጻፈበት ሳጥን ፎቶ ሲነሳ እንዲሸፈን ይግባልን። እኛ ለጊዜው በእጃችን ነው የምንሸፍነው።

ሐሙስ ከሰዓት ክፍል ውስጥ ነን። አንድ ሰው ላኩልን። ልጆቹ ከነጀርባው ወረቀታቸውን ያሳዩታል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የድሮዊንግ አሰልጣኝ፣ ድሬዳዋ