በ15 ሰከንድ 16 ምት፦ ለፈረሰኞቻችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ባለፈው እሁድ ሱሉልታ ሜዳ ላይ አንድ የ13 ዓመት ልጅ የፈረስ ልብ ሲያዳምጥ ቆሜ አየሁ። ስቴቶስኮፑን ከፈረሱ ግራ ክርን ኋላ ለጠፈ። ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። 15 ሰከንዱ ሲያልቅ "28!" አለ። በ4 ሲባዛ 112 መሆኑ ነው። ሁላችንም ክው አልን። ፈረሱ 40 ኪሎ ሜትር ተጉዟል፤ ግን ካረፈ 10 ደቂቃ ሞልቶታል። በዚያ ሰዓት ልቡ በደቂቃ 112 የሚመታ ከሆነ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው።

የእንስሳት ሐኪማችን ግን ፈገግ አለች። "ድብ-ድብ ሲል ሁለት እያልክ ነው የቆጠርከው። ድብ-ድብ አንድ ምት ነው፤ እስቲ ድገመው" አለችው። ደገመው። 14 ሆነ። በደቂቃ 56። ልጁ የፈረሱን አንገት አቅፎ ሳቀ።

ያለችን ስቴቶስኮፕ ያቺ ብቻ ናት። እሷም የሐኪሟ የግል ንብረት ናት። ይህን ጥሪ እንድጽፍ ያስነሳችኝ ያቺ ስቴቶስኮፕ ናት።

እኛ 19 ሰዎች ነን። ግማሾቻችን ቅዳሜና እሁድ እንጦጦን ተሻግረን ከአዲስ አበባ እንመጣለን። የቀሩት እዚያው ተወልደው ፈረስ ላይ ያደጉ የሱሉልታና የሰላሌ ልጆች ናቸው። የሰላሌ ፈረስ ተመራማሪዎች በአገራችን ከለዩዋቸው 8 የፈረስ ዓይነቶች አንዱ ነው። ልጆቹ ይህን ከመጽሐፍ አላነበቡትም፤ ከአያቶቻቸው ሰምተው ያውቁታል። ሐሳባችን ከመካከላችን ሁለት ፈረሰኞችን ለዓለም አቀፍ የረጅም ርቀት የፈረስ ውድድር ማብቃት ነው። ስፖርቱ በውጭ ኢንዱራንስ ይባላል።

ጉግስ ለለመደ፣ ጃንሜዳ እሽቅድምድም ላየ ሰው ይህ ውድድር መጀመሪያ ግር ይላል። እዚህ የሚያዋጣው ሽምጥ መጋለብ አይደለም። ፈረሱን እያዳመጡ መጓዝ ነው። በ1955 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዌንዴል ሮቢ የሚባል የካሊፎርኒያ ሰው የዛሬ ፈረስም 100 ማይል በአንድ ቀን ይጓዛል ብሎ ተነሳ። ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ተራራውን አቋርጦ ኦበርን ከተማ ገባ። ቴቪስ ካፕ የሚባለው ውድድር የተወለደው ያን ጊዜ ነው። ዛሬም በ24 ሰዓት ውስጥ ጤነኛ ፈረስ ይዞ የገባ ሁሉ የብር ቀበቶ መቆለፊያ ይሸለማል፤ አንደኛ ወጣ መጨረሻ ወጣ ልዩነት የለውም። የአሜሪካ ፈረሰኞች መፈክርም "መጨረስ ማሸነፍ ነው" የሚል ነው። እኛን የማረከን ይህ ነው።

ስለ ርቀቱ በእኛ አገር መንገድ ልንገራችሁ። በዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን፣ በኤፍኢአይ ደንብ፣ ባለ 1 ኮከብ ውድድር ከ100 እስከ 119 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ በሉት። ባለ 2 ኮከቡ ከ120 እስከ 139 ነው፤ ደብረ ብርሃን ገባችሁ። ባለ 3 ኮከቡ ከ140 ይጀምራል። የአዋቂዎች የዓለም ሻምፒዮና 160 ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን ነው። በአንድ ፈረስ ጀርባ ዝዋይ መድረስ ማለት ነው። ለዚህ ርቀት ፈረሱ ራሱ ቢያንስ 8 ዓመት የሞላው መሆን አለበት።

መንገዱ አንድ ወጥ አይደለም። በየዙሩ ይከፈላል። አንዱ ዙር ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ፈረሱ ሐኪም ፊት ይቀርባል። በዙሮቹ መሃል ልቡ በ15 ደቂቃ ውስጥ ወደ 64 ምት ወይም ከዚያ በታች መውረድ አለበት። ካልወረደ ፈረሰኛው ከውድድር ይወጣል፤ ልመና የለም። የድዱ ቀለም ይታያል። ቆዳው ተቆንጥጦ ምን ያህል ውሃ እንደጎደለው ይፈተሻል። የአንጀቱ ድምፅ ይደመጣል። ከዚያ በልጓም ተይዞ በሶምሶማ ይሮጣል። ካነከሰ አበቃ። ያለፈም ቢሆን የግድ አርፎ፣ በልቶና ጠጥቶ ነው ወደ ቀጣዩ ዙር የሚወጣው።

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ብልሃት አለ። በየዙሩ መሃል ሰዓቱ የሚቆመው መስመሩን ስላለፍክ አይደለም። የፈረሱ ልብ ረግቶ ለምርመራ ስታቀርበው ነው። ስለዚህ ሽምጥ ጋልቦ የገባው፣ የፈረሱ ልብ እስኪሰክን እየጠበቀ፣ ቀስ ብሎ በገባው ይቀደማል። በ15 ሰከንድ 16 ምት። ልጆቻችን ይህን ቁጥር እንደ ስማቸው እንዲያውቁት እንፈልጋለን።

ብቁ መሆን የሚባለው እንዲህ ነው። ጀማሪ ፈረሰኛ ከ40 እስከ 79 ኪሎ ሜትር የሆነ ጉዞ ሁለት ጊዜ፣ ከ80 እስከ 100 የሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያለ እንከን መጨረስ አለበት። በሰዓት ከ16 ኪሎ ሜትር በላይ መፍጠን አይፈቀድለትም። ከፈጠነ አይቆጠርለትም! ደንቡ ትዕግስት ነው የሚፈትነው። ባለ 1 ኮከቡ የሚከፈትለት ከዚያ በኋላ ነው። ደስ የሚለው ነገር ጀማሪው አራቱንም ጉዞ በአንድ ፈረስ እንዲጨርስ አይገደድም። በተከራየው ፈረስም ይቆጠርለታል።

ይህ ነገር ለእኛ ትልቅ በር ነው። ምክንያቱም ፈረሶቻችንን ይዘን ውጭ መውጣት አንችልም። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባል ገዳይ በሽታ አለ። እንደ ቢንቢ ባሉ ጥቃቅን ነካሽ ነፍሳት ይተላለፋል። በአገራችን ስላለ ሌሎች አገሮች የእኛን ፈረስ በቀላሉ አያስገቡም። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። ፈረሶቻችንን ከሞት ያድንልናል፤ ድንበር ግን አያሻግርልንም። እሁድ እሁድ የምናደርገው ጉዞም ለብቃት አይቆጠርም። ለልምምድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ያየነው ደቡብ አፍሪካን ነው። እዚያ ይህ ስፖርት ሥር የሰደደ ነው። ፍሪ ስቴት ውስጥ ፋውረስሚዝ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ የአገሪቱ ሻምፒዮና፣ የሦስት ቀን ጉዞ፣ የሚካሄደው እዚያ ነው። በየገበሬው እርሻ ላይ ደግሞ ለጀማሪ የሚሆኑ አጫጭር ውድድሮች አሉ። የእኛን ችግር ለማስረዳትም አንቸገርም። ያው በሽታ ስላለባቸው የእነሱ ፈረሶችም ለብዙ ዓመታት ወደ አውሮፓ ለመግባት አሳር አይተዋል።

"ገንዘቡም ፈረሱም ያለው ዱባይና አቡዳቢ ነው፤ ለምን እዚያ አትሄዱም?" ያሉን ወዳጆች አሉ። እውነት ነው፣ የ2023ቱ የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው አቡዳቢ ነው። ነገር ግን የአሸዋው መንገድ ሜዳ ነው፤ ለፍጥነት ያጓጓል። በ2015 ኤፍኢአይ በፈረሶች ደኅንነት ጉዳይ የአገሪቱን ፌዴሬሽን ለጊዜው አግዶ ነበር። በ2018 አሜሪካ ትራዮን ላይ የዓለም ውድድሩ በሙቀትና በእርጥበት ምክንያት መሃል ላይ ተሰርዟል። ይህ ስፖርት ከተጣደፉበት ፈረስ ይገድላል። ልጆቻችን ገና ከመጀመሪያው ቀስ ማለትን ይማሩ ብለን ወሰንን።

አሁን ስለ ሁለቱ ፈረሰኞች። ስማቸውን ፈቃዳቸው ሲሆን ራሳቸው ይነግሯችኋል። አንደኛዋ 22 ዓመቷ ነው፤ 52 ኪሎ ትመዝናለች። በአዋቂዎች ሻምፒዮና ፈረሰኛው ከነኮርቻው ቢያንስ 75 ኪሎ መሙላት አለበት። ኮርቻዋ 7 ኪሎ ነው። 16 ኪሎ ይጎድላታል። እናቷ ከአቡጀዲ ከረጢት ሰፍተውላት አሸዋ ሞላችበት። ሻምፒዮና ገና ሩቅ ነው። እሷ ግን ፈረሱን ገና በሙሉ ክብደት አታደክምም። ከረጢቱን ራሷ ተሸክማ በእግሯ ዳገት ትወጣበታለች፤ ቀን ሲደርስ ክብደቱ አዲስ እንዳይሆንባት። ሌላኛው 25 ዓመቱ ነው። ጋሪ ሲነዳ ነው ያደገው። የፈረስ ሰኮና በጣቱ ዳብሶ ትኩሳት እንዳለው የሚያውቅ ልጅ ነው። ባለፈው ወር 30 ኪሎ ሜትር ላይ ዳማዋ ፈረሱ ትንሽ ብቻ ስታነክስ ወርዶ ልጓሟን ይዞ 9 ኪሎ ሜትር በእግሩ መለሳት። ማንም አላዘዘውም። የመረጥነው ለዚህ ነው።

የምንፈልገው በጠቅላላ 1,900,000 ብር ነው። 410,000 ብሩን ከራሳችን አዋጥተናል። ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የሁለቱ ፈረሰኞችና የሐኪሟ የአውሮፕላን ቲኬት፣ የፈረስ ኪራይ፣ የምዝገባና የኢንሹራንስ ክፍያ ነው። ጉዞው ሁለት ጊዜ ነው፤ በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ውድድር። የቀረው እዚሁ ሱሉልታ ይውላል። 8 ስቴቶስኮፕ፣ የክትባትና የትል መድኃኒት ለ23 ፈረሶች፣ የሰኮና መሞረጃ፣ ጀርባ የማይልጡ 4 ኮርቻዎች፣ ባልዲና ስፖንጅ። ጨው አልጠቀስኩም። እሱን አሞሌ እየገዛን እንችለዋለን። ላብ ያለበሰው ፈረስ ከውሃው ጋር ጨው ካላገኘ ይወድቃል፤ ይህን የሲራራ ነጋዴ አያቶቻችንም ያውቁታል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። "ሰው የሚበላው ባጣበት ዘመን ለፈረስ ግልቢያ ገንዘብ ይለመናል?" ያሉን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አልከፋንም። በአገራችን ግን ፈረስ ጌጥ አይደለም። እህል የሚያመጣው፣ ታማሚ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው፣ ጋሪ ጎትቶ ቤተሰብ የሚያኖረው እሱ ነው። ያ የ13 ዓመት ልጅ እሁድ በውድድር ፈረስ ላይ የተማረውን ሰኞ በአባቱ የጋሪ ፈረስ ላይ ሞክሮታል። ልቡን ቆጥሮ "አባዬ፣ ዛሬ አታስወጣው" አለ። አባቱ ሰሙት። ፈረሱ ታሞ ኖሮ በሁለት ቀን ሕክምና ዳነ። የአንድ ቤት እንጀራ ነበር የተረፈው። ወደ ደቡብ አፍሪካ የምንልከው ሁለት ፈረሰኛና አንድ ሐኪም ነው፤ ስቴቶስኮፑ ግን እዚሁ ይቀራል።

ብር መስጠት የማይችል ሰውም ይረዳናል። ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ አካባቢ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ለሦስት ሰው ማደሪያና እስከ እርሻው የሚያደርስ መኪና ብታገኙልን ግማሽ ሸክም አቀለላችሁልን። በውድድሩ ቀንም ረዳት ያስፈልጋል። ፈረስ ማወቅ ግድ አይደለም። ውሃ አቀብሉ፣ አንገቱ ላይ አፍስሱ፣ ፈረሰኛዋን ሻይ አጠጡ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ፣ ያገለገለ ግን ደህና የሆነ ኮርቻ ወይም ስቴቶስኮፕ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው ሻንጣ ላኩልን። የእንስሳት ሐኪሞች፣ በወር አንድ እሁድ ስጡን።

ገንዘቡ የሚገባው በማህበሩ የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። ሦስት ፈራሚ አለው፤ ሁለቱ ሳይፈርሙ አንድ ብር አይወጣም። በግል ስልክ ላኩልኝ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የእኛ አይደለም። በየወሩ የገባውንና የወጣውን ከነደረሰኙ እናሳውቃለን። ፈረሰኞቹ ቪዛ ቢከለከሉ ወይም ጉዞው ቢቀር፣ የጉዞው ገንዘብ ለሰጪው ይመለሳል፤ ሰጪው ከፈቀደ ለጋሪ ፈረሶች ክትባት ይውላል።

የሚቀጥለው የልምምድ ጉዞ እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይጀምራል። ሁለት ዙር ነው፣ በድምሩ 45 ኪሎ ሜትር። የመጀመሪያዎቹ ፈረሶች ከአንደኛው ዙር 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ይመለሳሉ ብለን እንጠብቃለን። ልብ የሚቆጥር ሰው ስለሚያንሰን ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት አድርጋችሁ ኑ። ጋቢም ያዙ፤ ሱሉልታ ጠዋት ይበርዳል።