ለደንበኞቻችን፦ የቫንኩቨሩን የአውቶቡስ ጉዞ ለምን እንደተውነው

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ባለፈው ሳምንት የላክንላችሁ መልእክት እንዳስቀየማችሁ አውቃለሁ። ከቶሮንቶ ቫንኩቨር በአውቶቡስ የምናደርገው የዘጠኝ ቀን ጉዞ ዘንድሮ የለም። በምትኩ ሁለት አጫጭር ጉዞዎች አሉን፤ ዋጋቸውም ጨምሯል። ይህን ያህል ነገር በሦስት መስመር መጻፌ ጥፋት ነው። ይቅርታ።

«ሰውዬው ገንዘብ አየና ተለወጠ» የምትለዋ ቃል ግን ከማከብራት ደንበኛ ስለመጣች እንቅልፍ ነስታኛለች። ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝና ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ካናዳ ስፋቷ ወደ 10 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህ ቁጥር ለማንም ምንም አይለውም። እኔ ለእንግዶቼ የምላቸው እንዲህ ነው፦ ቶሮንቶ ያለችበት ክፍለ ሀገር ኦንታሪዮ ብቻዋን ኢትዮጵያን ልታክል ትንሽ ነው የሚቀራት። ከቶሮንቶ ወደ ምዕራብ ሁለት ቀን ሙሉ ተነድቶም ገና ኦንታሪዮ ውስጥ ነን። እስከ ተንደር ቤይ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ እስከ ዊኒፔግ ሌላ 700። ቫንኩቨር ሲደረስ 4,400 አካባቢ ይሆናል፤ ሰዓትም ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ይመለሳል። የሀበሻ ሰዓት ሳይጨመርበት ማለቴ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት በጁላይ፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ እናት አብረውን ነበሩ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከሱፔሪየር ሐይቅ በላይ ባለው መንገድ ላይ፣ ግንባራቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው ብዙ ቆዩና «ልጄ፣ ካናዳ ማለት ጥድ ነው እንዴ?» አሉኝ። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ነዳጅ ልንቀዳ ስንቆም ግን ጫማቸው እምቢ አላቸው። እግራቸው አብጦ ነበር። የጫማውን ተረከዝ አጥፈው፣ እንደ ሸበጥ እየጎተቱ ወረዱ። አንዲት ቃል አላማረሩም። እንዲያውም «እግዜር ይስጥህ፣ አገር አሳየኸኝ» አሉኝ።

ምኑን ነው ያሳየኋቸው? ጥድ ነው ያሳየኋቸው።

የዚያን ዕለት ማታ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። እዚህ ሕጉ ሹፌር በቀን ከ13 ሰዓት በላይ እንዲነዳ አይፈቅድም፤ ሰዓቱንም ከሞተሩ ጋር የተያያዘ መሣሪያ ይቆጥረዋል። መሣሪያ ደግሞ አይለመንም። መንገድ ሲጠገን ቆመን ስለዘገየን፣ ከያዝነው ሆቴል ሁለት ሰዓት ሲቀረን የመንጃ ሰዓቴ አለቀ። ባገኘነው ሞቴል የነበረው አራት ክፍል ብቻ ነው። እናቶች ክፍል ገቡ፤ ወንዶቹ አውቶቡስ ውስጥ አደርን። የሆቴሉንም የሞቴሉንም ሂሳብ የከፈልኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ግን ገንዘብ ወዳድ ስባል ትዝ አለኝ።

ከድካሙ በላይ የሚቆጨኝ ደግሞ ሰው ሳናይ ማለፋችን ነው። ካናዳ የብዙ ባህል አገርነትን የመንግሥት ፖሊሲ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ይህን ማይክ ይዤ ስናገር፣ ዊኒፔግ ላይ የነበረን ጊዜ 40 ደቂቃ ነበር። የዩክሬን ሰው፣ ፊሊፒኖ፣ የአገሩ ነባር ሕዝቦች በሚኖሩባት ከተማ ነዳጅ ማደያ ላይ ሳንድዊች በልተን ወጣን። ወንዙን ተሻግሮ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ያሉበት ሴንት ቦኒፌስ ነው፤ የዚያን ክፍለ ሀገር፣ የማኒቶባን፣ መሠረት የጣለው ሉዊ ሪኤል የተቀበረውም እዚያው ነው። አንዳችንም አላየነውም።

አሁን ያሰብነው እንዲህ ነው። አንደኛው ጉዞ በምሥራቅ በኩል ነው፤ ኪንግስተን፣ ኦታዋ፣ ሞንትሪያል፣ ኩቤክ ሲቲ፣ ስድስት ቀን። ኩቤክ ሲቲ አጠገብ ዌንዳኬ የሚባል ከነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የሂውሮን ዌንዳት ሕዝብ መንደር አለ፤ እዚያ ግማሽ ቀን ሙሉ እንቆያለን። ሁለተኛው የሮኪ ተራሮች ነው። እስከ ካልጋሪ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ገደማ፣ ከዚያ እስከ ባንፍ 130 ኪሎ ሜትር ያህል። በቃ። እግር አያብጥም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ አዎ ጨምሯል። በባንፍ በበጋ አንድ ክፍል 400 ዶላር አልፎብኛል። የአውቶቡሱ ኢንሹራንስ በየዓመቱ ሲመጣ ፖስታውን ሳልከፍት ሁለት ቀን አስቀምጠዋለሁ። እዚያው ባንፍ ፓርክ ውስጥ ያለው ሞሬን ሐይቅ ከ2023 ጀምሮ የግል መኪና አይገባም፤ የማመላለሻ መቀመጫ ቀድሞ መያዝ የግድ ነው። «በመጨረሻው ሳምንት እነግርሃለሁ» የምትሉኝ ወዳጆቼ፣ እባካችሁ ይቺን ያዙልኝ።

እዚህ ቶሮንቶ 11 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 አሮጌ ባለ 15 መቀመጫ ቫን ገዛሁና መጀመሪያ የወሰድኩት የማኅበር እናቶችን ናያግራ ነው። ድፎ ዳቦው በመሶብ፣ ጀበናው በፎጣ ተጠቅልሎ። ፓርክ ጠባቂው የዕጣኑን ጭስ አይቶ ሮጦ መጣ፤ ቶና ላይ ደርሶ ጠጥቶ ሄደ። ከእነዚያ እናቶች ሦስቱ ዛሬም ደንበኞቼ ናቸው። ያኔም አላተረፍኩም፤ ግን ማንም «ተለወጠ» አላለኝም።

ቀብድ የከፈላችሁ ሙሉ ገንዘባችሁ ይመለስላችኋል። ወደ አዲሱ ጉዞ ላዛወረ ደግሞ 100 ዶላር እቀንሳለሁ። ከአገር ቤት ዘመድ የምታመጡ፣ የቪዛውን ማመልከቻ ዛሬውኑ ጀምሩ፤ ክፍያው 100፣ አሻራው 85 የካናዳ ዶላር ነው። ቪዛው ሳይወጣ ለእኔ ምንም አትክፈሉ። በኦገስት ፍልሰታ ስለሆነ የጾም ምግብ ይኖራል፤ ሽሮው ከእኛ ቤት ነው። አገሩን ዳር እስከ ዳር ካላየሁ የሚል ካለ ከቶሮንቶ ቫንኩቨር ባቡር አለ፣ አራት ሌሊት ነው። ቲኬቱን እንዴት እንደምትይዙ አሳያችኋለሁ፤ ኮሚሽን የለኝም።

የእኚያ እናት ልጅ ትናንት ደውሎ ነበር። እናቱ ዘንድሮም ይመጣሉ። ለኩቤኩ ሁለት ቦታ አስይዟል፤ ከፊት፣ እግር የሚዘረጋበት።

የከፋችሁም ብትሆኑ በግሩፕ ውስጥ ከምትጽፉ ደውሉልኝ። ስልኬ ያው የድሮው ነው።

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤትና ሹፌር